አክተሩ የሚሞትበት ፊልም

እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው «ከዳኝ፣ ከዳችኝ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?» የሚል ነው። እኔ ምክር ልጠይቅ አልመጣሁም፤ የሆነው ሁሉ ሆኖ አልፏል። የምጽፍላችሁ ስለ ፊልም ነው። እርግጥ ስለ ፊልም ብቻ አይደለም፤ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

በልጅነታችሁ ቪዲዮ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ሁሉ አንድ ሕግ ታውቃላችሁ፤ አክተሩ አይሞትም። ሃምሳ ሰው ከቦ ቢተኩስበት አይሞትም። ከፎቅ ቢወረውሩት ተነሥቶ ልብሱን ያራግፋል። ገና ፊልሙ ሲጀመር «አክተሩ የቱ ነው?» ብለን እንጠይቅና፣ ከተነገረን በኋላ ሐሳባችንን ጥለን ነበር የምናየው። እኔም በዚህ ሕግ ነው ያደግሁት። ሕጉ የፈረሰብኝ አዳሚ ቱሉ ነው።

አዳሚ ቱሉን አብዛኞቻችሁ የምታውቋት በመኪና መስኮት ነው። ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሀዋሳ ስትወርዱ፣ ከባቱ (ከድሮዋ ዝዋይ) 7 ኪሎ ሜትር ያህል አለፍ ብላ፣ ሾፌሩ ፍሬን ሳይነካ የሚያልፋት ከተማ ናት። አዳሚ በኦሮምኛ ቁልቋል፣ ቱሉ ደግሞ ኮረብታ ማለት ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ አይሱዙ ቀንም ሌሊትም በመሐሏ ያልፋል። በ2010 ዓ.ም መጨረሻ ለሥራ ወደዚያ ስመደብ የአዲስ አበባ ጓደኞቼ እንደ ለቅሶ ቤት ነው ያጽናኑኝ። እኔ ግን በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር። ለምን ደስ እንዳለኝ ትንሽ ታገሡኝና እነግራችኋለሁ።

ከአስፋልቱ ዳር ፎቶ ኮፒ የምታነሣ፣ የሞባይል ካርድ የምትሸጥ፣ ፍላሽ ላይም ፊልምና ዘፈን የምትጭን ልጅ ሱቅ ነበራት። በደረስኩ በሳምንቱ ገባሁና ፍላሼን ሰጠኋት።

«ምን ልጫንልህ? የሕንድ አለ፣ የኮሪያ አለ፣ አክሽን አለ።»

«ጥቁርና ነጭ የለሽም?» አልኳት፣ እንደ መኩራራት ብዬ።

ቀና ብላ አየችኝ። «የቦጋርት ነው የሚትቸም?»

እመኑኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የደነገጥኩት ጥቂት ቀን ነው። እኔ እነዚያን ፊልሞች የለመድኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ አንድ የዶርም ጓደኛዬ ኮምፒውተሩ ላይ አከማችቶ ስለነበር ነው። ስለነሱ የማወራው ሰው አግኝቼ አላውቅም። እሷ ደግሞ ዕድሜዋ ሃያ አራት፣ ከባቱ ርቃ ሄዳ የማታውቅ፣ የነሮበርት ሚትቸምን አረማመድ የምታውቅ! ለካ አስተማሪዋ ሌላ ሰው ነበሩ። ከሱቋ ጀርባ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አንድ ሲኒማ ቤት ትኬት ቆራጭ ነበሩ፤ በኋላ የከባድ መኪና ሾፌር ሆኑ። ሲኒማ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ አዳራሹን «ሰይጣን ቤት» ይለው እንደነበር አባታቸው ይነግሯቸው እንደነበረና፣ እሳቸው ሥራ ሲይዙም እናታቸው ጸበል ሊወስዷቸው እንደነበር እየሳቁ ያወራሉ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የቅዳሜ ማታ ነገር ተጀመረ። ሁለት ሰዓት ላይ የሱቁ ቆርቆሮ በር ግማሽ ድረስ ይወርዳል። ላፕቶፑ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ይቀመጣል። እናቷ ቡናና ቆሎ ያመጣሉ። እኔ፣ እሷ፣ ጋሼ፣ ደግሞም ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ገብቶ በዚያው የቀረ አንድ የባጃጅ ሾፌር። የባጃጁ ልጅ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አክተሩ መቼ ነው የሚተኩሰው?»

መጀመሪያ ያየነው «ካዛብላንካ»ን ነው። የ1942 ፊልም ነው (የውጭውን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አዋቂዎቹ «እሱ እንኳ የፍቅርና የጦርነት ፊልም እንጂ ከጥቁሮቹ ፊልሞች አይቆጠርም» ይላሉ፤ ይበሉ። መግቢያ በር ግን እሱ ነው። ሃምፍሬይ ቦጋርት የሚጫወተው ሪክ የሚባለው ሰውዬ መጠጥ ቤት አለው፤ ስለ ማንም ግድ እንደሌለው ይናገራል። ፖሊስ አዛዡ ግን የኋላ ታሪኩን ያወጣበታል፤ በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ አሻግሯል! አዎ፣ ለኛው አገር፣ ጣሊያን በወረረን ዓመት። ይህን እሷ ስትተረጉምላቸው ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ።

«መልሺው!»

መለሰችው። ተነሥተው ቆመው ሰሙ። «ደግመሽ መልሺው!» ሦስት ጊዜ አስመለሷት። ሰውየው ለሥራው ገንዘብ እንደተከፈለው አጠገቡ ይናገራል፤ እሷ ግን ያችን አልተረጎመችላቸውም። እንዳየኋት ስታውቅ ከንፈሯን ነክሳ ፈገግ አለች። እንግዲህ ነገሩ የጀመረው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ስለ ፊልሞቹ ትንሽ ልንገራችሁ፤ ላላያችሁት። ሲሠሩ «ጥቁር ፊልም» አይባሉም ነበር። ስሙን ያወጡት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946፣ ለዓመታት ያልገባላቸው የአሜሪካ ፊልም ባንድ ጊዜ ሲጎርፍ አዩና «ምንድነው እንዲህ ጨለማ የሆነው?» አሉ። ጨለማው ከየት መጣ ቢሉ፣ ከዳይሬክተሮቹ ብዙዎቹ ሂትለርን ሸሽተው ሆሊውድ የገቡ ስደተኞች ነበሩ፤ ቢሊ ዋይልደር፣ ፍሪትዝ ላንግ፣ ሮበርት ሲዮድማክ። አገራቸውን ጥለው ለመጡ ሰዎች ማታ መንገድ ላይ ከኋላ የሚሰማ ኮቴ ተራ ነገር አይደለም።

አክተሩ ለምን እንደሚሞትም ምክንያት አለው። ከ1934 ጀምሮ ሆሊውድ ጥብቅ የሆነ የፊልም ደንብ ነበረበት። ወንጀል የሠራ ሰው ሳይቀጣ ፊልሙ ማለቅ አይችልም። አልጋ ማሳየት አይቻልም። መሳሳም እንኳ ረዘም ካለ ጣጣ ነው፤ ሂችኮክ በ1946 «ኖቶሪየስ» በሚለው ፊልሙ ኬሪ ግራንትንና ኢንግሪድ በርግማንን ሳም፣ ተወት፣ አውራ፣ ደግሞ ሳም እያስባለ ነው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ያቆያቸው። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች «እወድሻለሁ»ን የሚናገሩት ሲጋራ በመለኮስ፣ ስለ ፈረስ ግልቢያ በማውራት፣ በር ላይ ቆሞ ባለመውጣት ነው። ጋሼ ይህን ሲያዩ «ሰምና ወርቅ ነው!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኛ አገር ፍቅሩን በግልጽ አፍ አውጥቶ የሚናገር አለ እንዴ? ዛሬ ዛሬ በስልክ በልብ ሥዕል ይላላካል እንጂ፣ የድሮው ሰው «ጎመኑ ጨው በዛበት» ብሎ ነው ስንት ነገር የሚናገር።

እኔና እሷም እንዲሁ ሆንን። «ወደድኩሽ» አላልኩም፤ «ወደድኩህ» አላለችም። ሎረን ባኮል ቦጋርትን የምታይበት አተያይ አለ፤ አገጯን ዝቅ፣ ዐይኗን ቀና አድርጋ። (ባኮል ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መጀመሪያ ፊልሟ ስለነበር ራሷ እንዳይንቀጠቀጥ ነበር አገጯን የምትደፋው።) እሷ የፎቶ ኮፒ ሒሳብ ስትቀበለኝ እንደዚያ ታየኛለች፤ ከዚያ ሁለታችንም እንስቃለን። ከኔ የፊልም ገንዘብ ተቀብላ አታውቅም። የአንድ ፊልም ዋጋ 5 ብር ነበር።

አሁን ያን ያልኳችሁን ልንገራችሁ። መሳቢያዬ ውስጥ ቀለበት ነበር። ሽማግሌ ልኬ ያጨኋት ልጅ ነበረችኝ። ለሁለት ዓመት ብላ ቤሩት ሄዳ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ለቤት መሥሪያ ብላ የላከችው 140 ሺህ ብር በኔ ስም ባንክ ተቀምጧል። አዳሚ ቱሉ ሲደርሰኝ ደስ ያለኝ ለምን እንደሆነ ገባችሁ? አዲስ አበባ እናቷ አሉ፣ እህቶቿ አሉ፣ «መቼ ነው ሠርጉ?» የሚል ጎረቤት አለ። አዳሚ ቱሉ ግን ማንም አያውቀኝም። አልዋሸሁም፤ ማንም አልጠየቀኝማ!

የዚያን ዓመት ጥር ላይ «አውት ኦፍ ዘ ፓስት»ን አየን፤ ካለፈው ዘመን የመጣ እንደማለት ነው። የ1947 ነው፤ ያዘጋጀው ዣክ ቱርነር። ሚትቸም በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ አውራ ጎዳና ዳር፣ ነዳጅ ማደያ ከፍቶ ይኖራል። ስሙን ቀይሯል። መስማትና መናገር የማይችል ልጅ ይረዳዋል። አንዲት የዋህ የከተማዋ ልጅ ትወደዋለች። አንድ ቀን በዚያ ጎዳና የሚያልፍ የድሮ ሰው መኪናውን ያቆማል፤ አለቀ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንደሚባለው። እኔ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ በግማሹ በር ስር የሚያልፈውን የመኪና መብራት ስመለከት ላብ አሰመጠኝ። እያንዳንዱ መኪና ፍሬን የሚይዝ መሰለኝ።

ሚትቸም ማታ መኪና እየነዳ ለልጅቷ ያለፈውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ይነግራታል። ከዚያም የፈራው ቦታ ይደርሳል፤ ያቺ ጉድ ያደረገችው ሴት፣ ጄን ግሪር፣ ፊቱ ድቅን ትላለች። ልክ እዚህ ላይ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ነው፤ ያለ መብራት አይሠራም። ሻማ ተለኮሰ። መጠበቅ ነው፤ አልመጣም።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይተውታል። ይጨርሱልን» አልን።

ጋሼ ቡናቸውን ፉት አሉና ጨረሱልን። ሰውየው ክፉዎቹን እርስ በርሳቸው ያባላቸዋል፤ ያቺ ሴት ፖሊስ እጅ ትገባለች፤ እሱ የነዳጅ ማደያውን ሽጦ የዋህዋን ልጅ ይዞ ሐይቅ ዳር ቤት ይሠራል። የባጃጁ ልጅ ጭኑን መታ። «ብያለሁ! አክተሩ አይሞትም!» እሷ በሻማው ብርሃን ጋሼን ዝም ብላ አየቻቸው። እኔ ደግሞ፣ አያችሁ ሞኝነት፣ መጨረሻውን ለራሴ አደረግኩት። መንገር ነው፤ ነገር ያልቃል፤ ሐይቅ ዳር ቤት ይሠራል።

በማግስቱ እሑድ ባቱ ሐይቁ ዳር ዓሣ ልንበላ ሄድን። የተጠበሰው ቆሮሶ መጣ። ሚትቸም እንዳደረገው ሁሉን ነገርኳት፤ ቀለበቱን፣ ቤሩትን፣ ገንዘቡን። ስጨርስ እጇ የዓሣውን አጥንት እንደያዘ ቀርቷል።

«ቦጋርትም እኮ ባኮልን ሲያገኛት ባለትዳር ነበር» አልኩ። ይህን ማለቴን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ነበር» አለች። «መጀመሪያ ፈታ፤ ከዚያ አገባት። በ1945 ነው ሁለቱም።» ቆይታ ቆይታ፣ «ለኔ ነገርከኝ። ለሷስ?» አለችኝ።

ዝም አልኩ።

«ያን ‹ላውራ› የሚለውን አስታውሰህ? መርማሪው ሞታለች የተባለችውን ሴት ሥዕል ግድግዳ ላይ እያየ ወደዳት። በኋላ በሩን ከፍታ ገባች። እሱ በሥዕል ተነሥቶ ሰው አገኘ። አንተ ሰው ይዘህ ተነሥተህ ሥዕል አደረግካት።»

ተነሥታ እጇን ታጠበች። የዓሣውን ግማሽ ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በባጃጅ ስንመለስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ለካ ዝምታ ሁሉ ሰምና ወርቅ አይደለም። የኔው ባዶ ነበር፤ ሰምም ወርቅም የለው።

የዚያን ማታ ቤሩት ደወልኩ። መጀመሪያ ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ ሥራዬ አይመችም፣ ቤተሰቦቼ አልተስማሙም፣ ምናምን። ድምፅዋን ስሰማ ጠፋብኝና እውነቱን ተናገርኩ። አላለቀሰችም። አልተሳደበችም። እንዲህ ነው ያለችው፤

«እኔ አውቄዋለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ስትደውል የምታወራኝ ስለ ፊልም ብቻ ነው። እኔ እዚህ ቴሌቪዥኑን እወለውላለሁ እንጂ አላይም።»

ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ለእናቷ እንድሰጥ፣ ቀለበቱንም በሽማግሌ እንድመልስ ነግራኝ ዘጋችው። ከ140 ሺሁ ውስጥ 38 ሺህ ብሩን አጉድዬው ነበር። ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም ነበር። በ2013 ዓ.ም ነው ከፍዬ የጨረስኩት። ልጅቷ እንዴት እንደሆነች ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ፤ ለመጠየቅ መብት ስለሌለኝ አልጠየቅኩም።

ሁለት ወር ያህል ቅዳሜ ማታ ቤቴ ዋልኩ። ማለት አደርኩ። ከሱቁ ፊት ለፊት ላለማለፍ በጓሮ በኩል በአቧራው መሄድ ጀመርኩ። መጋቢት ላይ ግን አልቻልኩም። ገባሁና ፍላሼን አስቀመጥኩ።

«ያን በመብራት የተቋረጠብንን ጫኚልኝ።»

«ጋሼ ነግረውህ የለም እንዴ?»

«ራሴ ልየው።»

ጫነችው። ፍላሹን ስትሰጠኝ እጇን ዘረጋች። 5 ብር። ተቀበለችኝና መሳቢያዋ ውስጥ አስገባችው።

ማታ ብቻዬን አየሁት። አስተያየቴን ከፈለጋችሁ፣ እነዚህን ፊልሞች በስልክ አትዩአቸው፤ ጥላው ሁሉ ይጠፋል። ትልቅ ስክሪን ፈልጉ፣ መብራቱን አጥፉ። ቅደም ተከተል ለምትሉ፣ ከ«ካዛብላንካ» ጀምሩ፣ ከዚያ «ላውራ»፣ ከዚያ የዋይልደሩን «ደብል ኢንደምኒቲ» እዩ፤ ሁለቱም የ1944 ናቸው። «አውት ኦፍ ዘ ፓስት»ን ለመጨረሻ አቆዩት። መጨረሻውን አስቀድማችሁ መስማት የማትፈልጉ ደግሞ የሚቀጥሉትን ጥቂት መስመሮች ዝለሏቸው።

ጋሼ ያወሩት አንዱም የለበትም። ሚትቸም ያቺን ሴት ለማስያዝ ራሱ ፖሊስ ይጠራል። መኪና ውስጥ ስታውቅበት በሽጉጥ ትመታዋለች። እሷም በፖሊስ ጥይት ትሞታለች። ያቺ የከተማዋ የዋህ ልጅ መጥታ መናገር የማይችለውን ልጅ ትጠይቀዋለች፤ «አብሯት ሊሄድ ነበር?» ልጁ ራሱን ይነቀንቃል፤ አዎ። ይዋሻታል። ሰውየውን ጠልታ፣ እሱን ረስታ እንድትኖር። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ከሚወዳት ሰው ጋር ትሄዳለች።

ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ጠዋት ወደ ጋሼ ሄድኩ። ቁልቋሉ አጥር ስር ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«ጋሼ፣ ለምን ዋሹን?»

«ምን ዋሸሁ?»

«ፊልሙን! አክተሩ ሞተ እኮ!»

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። ትንሽ ቆይተው ሳቅ አሉ።

«ልጄ፣ እኔ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ፊልሙ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው በሮቹን መክፈት አለብኝ። ሕዝቡ ሲወጣ እንዳይጨናነቅ። አንዱንም ፊልም መጨረሻውን አይቼ አላውቅም። ሰዉ እያለቀሰ ሲወጣ አንድ ነገር አስባለሁ፣ እየሳቀ ሲወጣ ሌላ አስባለሁ። ያን ጊዜ የወጡት እያለቀሱ ነበር። እኔ በደስታ መስሎኝ።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። ከአጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«እስቲ ንገረኝ» አሉ። «ሳታሳምር ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። ጥሪውን፣ ሽጉጡን፣ መኪናውን፣ ልጁ ራሱን መነቅነቁን። ጋሼ እያንዳንዱን «እሺ... እሺ...» እያሉ ሰሙ። ስጨርስ ረጅም ጊዜ አስፋልቱን አዩ።

«ልጁ ጎበዝ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አሳዳሪው ሞቶበትም ይሠራለታል።» ደግሞ አሰብ አድርገው፣ «ግን ልጅቷ እውነቱን ብታውቅ አይሻላትም ነበር?» አሉ።

ከኋላችን የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ሰማን። ለካ ሱቋን ልትከፍት መጥታ ቆማ ስታዳምጥ ኖሯል። ቁልፉ በእጇ ነው።

«ይሻላት ነበር» አለች።

በሩን ወደ ላይ ገፋችው። ወለሉን ውኃ ረጨች፣ ጠረገች፣ ፎቶ ኮፒውን አበራች። እኔ መሄድም መቀመጥም አቅቶኝ ቆምኩ። ከውስጥ ድምፅዋ መጣ።

«ቅዳሜ ‹ጊልዳ› ናት፤ ሪታ ሄይዎርዝ። ጋሼ መጨረሻውን ስላላዩት ማንም እንዳይነግራቸው። ደግሞ አምስት አምስት ብር ይዛችሁ ኑ።»